ባለ ሁለት አፏና ጋሽ ድንቁ

ጋሽ ድንቁ ማረፋቸውን የሰማሁት ከባጃጅ ሾፌር ነው። ነገረኝ ከማለት የመንገድ ወሬ አድርጎ አወራው ማለት ይሻላል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ወደ ሰፈራችን መታጠፊያ ላይ ስንደርስ መሪውን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞረና «ዛሬ በዚህ አንገባም፤ ድንኳን ተጥሏል» አለ።

«የማን ለቅሶ ነው?»

«የእኚያ ሽማግሌ። የጠመንጃ እንጨት የሚሠሩት።»

አስቆምኩትና የቀረውን መንገድ በእግሬ ሄድኩ። ሚዛን ከተማ ዝናብ ካባራ በኋላ መሬቱ ሳሙና ነው፤ ሁለት ጊዜ ልወድቅ ነበር። ድንኳኑ ጋ ስደርስ እናቴ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣለች። ሱቃችን ተዘግቷል። እናቴ ሱቅ የምትዘጋው ለኢድና ለከባድ በሽታ ብቻ ነው። ወሬው እውነት መሆኑን ያመንኩት ያኔ ነው።

እኛ ከጅማ በኩል የመጣን ነጋዴዎች ነን። በሱቃችንና በጋሽ ድንቁ እንጨት መሥሪያ መካከል የነበረው አንድ የጣውላ ግድግዳ ብቻ ነው። ሞረዳቸው ሲሄድና ሲመለስ የእኛ መደርደሪያ ላይ ያሉት የሻይ ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ።

«ጋሼ! ብርጭቆዬን ዘፈን አያስተምሩብኝ!» ትላለች እናቴ ከዚህ።

«ይልመድ፣ ይልመድ! የሚሰበረው ያልለመደው ነው» ይላሉ እሳቸው ከዚያ።

ሰው «ጠመንጃ ሠሪው» ይላቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ይህን ስም አይወዱትም። ጠመንጃ ሠርተው አያውቁም። የሚሠሩት ሰደፉንና ሌላውን የጠመንጃ እንጨት ነው፤ በወጣትነታቸው ቴፒ የቡና እርሻ ውስጥ አናጢ ሳሉ ከአንድ ሽማግሌ የተማሩት ሥራ ነው። «ብረቱን ፋብሪካ ይጠየቅበት፤ እኔ የምጠየቀው ስለ እንጨቱ ነው» ይላሉ። ደንበኞቻቸው ገበሬዎች ናቸው። በቆሎና ጎደሬያቸውን ከከርከሮ፣ የቡና ፍሬያቸውን ከዝንጀሮ የሚጠብቁ፣ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች።

ጠመንጃ ይዞ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው አንድ ቃል ነው። «ወረቀት።» ሰላምታው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ቀን የገዛ አማቻቸው ፈቃዱን ቤት ረስቶ መጣ። ሻይ አዘዙለት፣ ስለ ልጆቹ ጠየቁት፣ ዳቦ አስመጡለት፤ ጠመንጃውን ግን ዘወር ብለውም አላዩት። ሲሄድ «አማች ነህ፣ እንደ ቤትህ ነው። እሷን ግን አላውቃትም» አሉት፤ ጠመንጃውን በአገጫቸው እያሳዩ።

እንጨት ሲመርጡ አውራ ጣታቸውን በምራቃቸው ያርሱና ጣውላው ላይ ያሹታል። እርጥበቱ ሲነካው ተደብቆ የነበረው የእንጨቱ መስመር ብቅ ይላል። «አየሽ፣ ፊቷን ታጠበች» ይሉኛል። እንጨቱ ዋንዛ ነው፤ ከጣሪያው ሥር ዓመታት ተኝቶ የደረቀ። ወይራስ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «ወይራ ኩሩ ነው። ከብረት ጋር ይጣላል፣ ይሰነጠቃል። ዋንዛ ትዳር ያውቃል።»

የእኔና የእሳቸው ወዳጅነት የተጀመረው በስልክ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ቀን በግድግዳው በኩል ጠሩኝ።

«ሀዩ! እንግሊዝኛ ትችያለሽ አሉ።»

«ትንሽ ትንሽ፣ ጋሼ።»

«ትንሿን ይዘሽ ነይ።»

ጠረጴዛቸው ላይ አንዲት ያረጀች የአደን ጠመንጃ ተኝታ ነበር። ሁለት አፈሙዝ እንደ መንታ ጎን ለጎን የተጣበቁባት፣ መሀሏ ላይ እንደ መጽሐፍ የምትከፈት። ጥይቷ እንደ ማሽላ ፍሬ የሚበተን ነው አሉኝ። ባለ ሁለት አፍ ይሏታል። ብረቷ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ ነበረ፤ የብስኩት ወረቀት አስተኝተውበት በእርሳስ ሲያሹት ፊደሎቹ አንድ በአንድ ወጡ። እኔ ደግሞ ፊደሎቹን ስልኬ ላይ ጻፍኩ። ኔትወርኩ እስኪመጣ በር ላይ ቆሜ እጄን ወደ ሰማይ ዘረጋሁ።

አሜሪካ የተሠራች ናት። የሠራት ፋብሪካ ከተዘጋ ግን ብዙ ዘመን ሆኖታል።

«ሞቷል በይኛ» አሉ ጋሽ ድንቁ። «ይቺ እናቷ የሞተችባት ልጅ ናት። ምን ይደረጋል፣ እኛ እናሳድጋታለን።»

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት እሳቸው ጋ መሄድ ልማዴ ሆነ። እሳቸው ይሞርዳሉ፣ እኔ ስለ ጠመንጃ ሥራ የተጻፈውን ከስልኬ እያነበብኩ እተረጉማለሁ። የማላውቀው ቃል ሲመጣ ዘልዬው ላልፍ እሞክራለሁ፤ ይነቃሉ። «አሁን አንድ ጉድጓድ ዘለልሽ። ተመለሺና ውስጡን እይልኝ።» እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ እንግሊዝኛ የማይችሉት ጋሽ ድንቁ ናቸው ብል አልዋሸሁም።

አንድ ቅዳሜ ከሱቅ እየሮጥኩ ገባሁ። «ጋሼ! እንደገና እየሠሯት ነው!»

«ማንን?»

«ባለ ሁለት አፏን! የተዘጉትን ፋብሪካዎች ሞዴል አዳዲስ ሠሪዎች አንስተው እየሠሩት ነው። ስሙ የድሮው፣ ቅርጹ የድሮው፣ ብረቱ ላይ ያለው ጌጥ እንኳ የድሮው!»

ሞረዳቸውን አስቀመጡ። ሞረድ ሲያስቀምጡ ያየሁት ለምሳና ለጸሎት ብቻ ነበር።

«አሜሪካ አንዴ ጎርሳ ሠላሳ የምትተፋ ጠመንጃ አላት አይደለም እንዴ?»

«አላት።»

«ታዲያ ሁለት ብቻ የምትለዋን ምን ሊያደርጓት?»

አነበብኩላቸው። አንዱ ሠሪ የድሮዋን ጠመንጃ በልጅነቱ አያቱ እጅ ላይ አይቷት ከልቡ ሳትወጣ ቀርታ ነው። ሌላው ደግሞ በደንብ የተሠራች ባለ ሁለት አፍ ወደ ትከሻ ስትወጣ ክብደቷ ይጠፋል፣ ነፍስ ያላት ትመስላለች ይላል።

«ይሄኛው ሰውዬ ያውቃል» አሉ። ከዚያም፣ «እንጨቱ ምንድነው?»

«ዎልነት የሚባል ዛፍ ነው። እኛ ጋ የለም መሰለኝ።»

«ፍሬ አለው?»

«አለው። ይበላል።»

«ፍሬው የሚበላ ዛፍ ለሰደፍ ይቆርጣሉ?» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሀብታም አገር ነው።»

ፎቶውን በሁለት ጣት ማስፋት አስተማርኳቸው። አሮጌዋና አዲሷ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስልኩን አፍንጫቸው ሥር ያዙት። «እንጨትና ብረቷ የተገናኙበትን እዪ፤ ፀጉር አያስገባም። ጎበዞች ናቸው። ይሄን ጌጥ ግን ማሽን ነው የቆረጠው።»

«በምን አወቁ?»

«እጅ ቢሆን አንድ ቦታ ላይ ይደክም ነበር።»

ወረድ ብዬ ሳነብ እውነትም በማሽን ተጀምሮ በእጅ የሚያልቅ ነው ይላል። ጋሽ ድንቁ ግን ማስረጃውን አልጠበቁም፤ ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል።

ከሁሉም የማልረሳው የኩራዙን ቀን ነው። ጋሽ ድንቁ አዲስ ሰደፍ ከብረት ጋር ሲያጋቡ ብረቱን በኩራዝ ጭስ ያጠቁሩታል። ከዚያ ተቦርቡሮ የተዘጋጀው እንጨት ውስጥ ይጫኑትና ያነሱታል። ጥላሸቱ የነካበት ቦታ ብቻ በስሱ ይፋቃል። እንደገና ማጠቆር፣ መጫን፣ መፋቅ። መቶ ጊዜም ይሁን ሁለት መቶ። የሰፈሩ ሰው ይስቅባቸው ነበር፤ መብራት በገባበት ከተማ ኩራዝ የሚገዛ እሳቸው ብቻ ናቸው እያለ። ልጃቸው እንኳ ከሚኖርበት ከማሻ ከተማ ሲመጣ «አባዬ፣ አሁንስ ለኩራዙ ጡረታ ስጠው» ይላቸዋል።

በዚያ ቀን የአንዱን አሜሪካዊ ሠሪ አሠራር እያነበብኩ ይህንኑ ሥራ የሚተርክበት ቦታ ላይ ደረስኩ። መጀመሪያ የተሳሳትኩ መስሎኝ ዝም ብዬ ደግሜ አነበብኩት።

«ምነው? ጉድጓድ ነው?»

«ጋሼ... ብረቱን በመብራት ጥላሸት እናጠቁራለን ይላል። እንጨቱ ላይ ተጭኖ የነካበትን እንፍቃለን። ሌላ የተሻለ መንገድ አላገኘንም ይላል።»

«በምን መብራት?»

«በጋዝ የሚነድ። ክር ያለው።»

«ኩራዝ!» ተነሱ። እንዲህ ሲነሱ አይቼ አላውቅም፤ የእንጨቱ ፍቅፋቂ ከጭናቸው ላይ እንደ ዝናብ ፈሰሰ። ግድግዳውን በመዳፋቸው መቱት፤ ብርጭቆዎቻችን ሁሉ ጮኹ። «የሀያት እናት! ነይማ ስሚ! አሜሪካም ኩራዝ አለ!»

እናቴ መጣች፤ አስደገሙኝ። ጎረቤታችን መካኒኩ መጣ፤ አስደገሙኝ። በዚያ ቀን ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም። ማታ ሳልጠየቅም እያነበነብኩት ነበር።

ማርታ የመጣችው በዚያው ዓመት፣ በቆሎ እሸት ሊሆን ሲል ነው። ሸኮ በኩል፣ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ከሚገኝ መንደር የምትኖር ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ባለ ሁለት አፍ ጠመንጃ በከረጢት ጠቅልላ፣ ፈቃዷን በፕላስቲክ አድርጋ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ገባች። የባሏ ወንድም ታደለ አብሯት ነበር።

ጋሽ ድንቁ «ወረቀት» ከማለታቸው በፊት አውጥታ ሰጠቻቸው። ወደዷት፤ ታወቀኝ።

«ጋሼ፣ ቁጥር ጠፋ» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየዓመቱ የጦር መሣሪያ ምርመራ አለ። መርማሪው ብረቱ ላይ ያለውን ቁጥር ከፈቃዱ ጋር ያመሳክራል። የእነ ማርታ መንደር ሰው ደግሞ ለዚያ ቀን ጠመንጃውን እንደ ሙሽራ ነው የሚያሰናዳው። ጫካ ውስጥ እንደ ላም ምላስ የምትሻክር ቅጠል አለች፤ ቅል የሚታጠበውም በእሷ ነው። በቅጠሏና በአመድ ብረቱን እስኪያብረቀርቅ ያሹታል። አማቷ በየዓመቱ አሹ፣ ባሏ አሸ፣ ከዚያ ማርታ አሸች። ለመንግሥት አምራ ትቅረብ ብለው። ዘንድሮ መርማሪው ጣቱን ቢያሳልፍ ብረቱ እንደ እንቁላል ልሙጥ ሆኗል።

«በሳምንት ውስጥ ቁጥሩን አሳይ፣ አለበለዚያ ጠመንጃ አስረክብ አለኝ። ጥሩ ሰው ነው። ግን ሕግ ነው አለኝ» አለች ማርታ። «በቆሎዬ እዚህ ደርሷል።» እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ከርከሮ ያውቃል። አምና ባሌ ሲታመም አንድ ሌሊት ሳንጠብቅ ቀረን፣ ግማሹን በላ። ልጆች አራት ናቸው።»

ታደለ ጠጋ አለ። «ጋሼ፣ ምን ችግር አለ? ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ አለ። በቁጥር መምቻ ቀጥቅጠው ያስገቡበት። ማን ያያል?»

«እኔ።»

«እርስዎማ የእኛ ሰው ነዎት።»

«ለዚህ ነው የማላደርገው። ዛሬ ለማርታ ቁጥር ብወልድ፣ ነገ ሌባ መጥቶ ለእኔም ውለድልኝ ይለኛል። ምን ልለው ነው? መሀን ነኝ ልበል?»

«እሺ፣ ጋራዥ ያለው ልጅ ይመታልናል» አለ ታደለ፤ ጠመንጃዋንም አነሳ።

ማርታ እጇን ጫነችበት። «አስቀምጥ። ጋሼ ይፈልጉ።»

ጋሽ ድንቁ ከፈቷት። ውስጥ፣ የብረቱ ሆድ ላይ ሁለተኛ ቁጥር እንደሚኖር ያውቃሉ፤ እዚያ ግን ዝገት በልቶታል። በማጉያ መነጽር አዩ፣ በፀሐይ አዩ፣ አስቀመጡት። «ሁለት ቦታ ነው የማውቀው» አሉ ቀስ ብለው። «ሁለቱም ጠፍተዋል።»

ማርታ ወለሉ ላይ ያለውን ፍቅፋቂ ታያለች።

«ሀዩ» አሉኝ። «ያ ኩራዝ ያለው ሰውዬ ስለ ቁጥር ብሎ ያውቃል?»

ስልኬን አወጣሁ። በጥድፊያዬ ሁለት ጊዜ የተሳሳተ ገጽ ከፈትኩ። ከዚያ አገኘሁት። የእያንዳንዷ ጠመንጃ ክፍል በእጅ እየተፋቀ ለአንዷ ብቻ ስለሚገጥም ከሌላዋ ጋር እንዳይደባለቅ ቁጥሩን እንደ ድሮዎቹ ሦስት ቦታ እንመታለን ይላል። ላይ፣ ሆድ ውስጥ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከአፈሙዞቹ ሥር ግራ እጅ በሚይዘው እንጨት ውስጥ በተቀበረው ብረት ላይ።

«ደግመሽ።»

ደገምኩ።

ሁላችንም የማርታን ጠመንጃ አየን። የፊት እንጨቷ ከአፈሙዞቹ ጋር በጠፍር ተጠፍሯል። እንጨቱ ሲሰነጠቅ እርጥብ ቆዳ ጠምጥመውበት ደርቆ ድንጋይ ሆኗል።

«ማነው ያሰራት?»

«ባሌ» አለች ማርታ። «ሊታመም ሲል።»

ጋሽ ድንቁ ቢላዋቸውን አነሱና በስለቱ በኩል ይዘው እጀታውን ለእሷ ዘረጉ። «እዚያ ውስጥ ቁጥር ይኑር አይኑር አላውቅም፣ ልጄ። ይሄ ያነበብነው ስለ ሌላ ጠመንጃ ነው። ቆርጠን ላናገኝም እንችላለን። እኔ አልቆርጠውም፤ ያንቺ ነው።»

ማርታ ቢላዋውን ተቀብላ ጠፍሩን ጥቂት ጊዜ በጣቷ ዳበሰችው። ከዚያ እንደ ጫማ ማሰሪያ ሳይሆን እንደ እትብት፣ በጥንቃቄ፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቆረጠችው። ቆዳውን ጠቅልላ ፈቃዱ ያለበት ፕላስቲክ ውስጥ ከተተችው።

ብረቱን ከእንጨቱ ጋር የያዙት ሁለቱ ብሎኖች ዝገው ተጣብቀዋል። ጋሽ ድንቁ ጋዝ አንጠባጠቡባቸው። «ዛሬ አይፈቱም። ብሎን ሲለመን ይፈታል እንጂ ሲገደድ ይሰበራል።» ማርታ እኛ ቤት አደረች፤ ታደለ ወደ ዘመዱ ሄደ። ጠዋት ትምህርት ቤት አረፈድኩ፤ አውቄ ነው።

ብረቱ ከእንጨቱ ሲላቀቅ ጥቁር ሆኖ ወጣ፤ የድሮ ቅባትና ጥላሸት ተጋግሮበታል። ጋሽ ድንቁ በጨርቅ ጠረጉት። አውራ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው አሹት። ለእኔ ሰጡኝ።

«አንብቢ። ማርታ፣ አንቺ ከወረቀቱ ጥሪ።»

ማርታ ፊደል አልተማረችም፤ አኃዝ ግን ታውቃለች። «ሁለት» አለች።

«ሁለት!» አልኩ።

«ሰባት።»

«ሰባት!»

«ዜሮ።»

«ዜሮ!»

«አንድ።» ድምጿ ቀጠነ።

«አንድ!»

«ስድስት» አለችና ወረቀቱን ወደ ታች አደረገችው።

የመጨረሻዋ ላይ ቅባት ነበረ። ጋሽ ድንቁ በጥፍራቸው ጫር አደረጉት። ስድስት ነው። ተወልዶ ፀሐይ ያላየ፣ ጥርት ያለ ስድስት።

ማርታ አላለቀሰችም፤ እልልም አላለች። የጋሽ ድንቁን አውራ ጣት በሁለት እጇ ይዛ ሳመችው፤ ጥቁሩ ቅባት ከንፈሯ ላይ ቀረ። ታደለ ከዘመዱ ቤት ተመልሶ ከበር ሆኖ «ምንድነው የምትበሉት?» አለ፤ ያኔ ሁላችንም ሳቅን።

መርማሪው ቁጥሩን አይቶ ፈረመ። ጋሽ ድንቁም አዲስ የፊት እንጨት ከዋንዛ ሠሩላት። ሥራው ሲያልቅ ግን አልለቀቋትም፤ ካቻቢቴ ሰጥተው እንጨቱን ፍቺና ግጠሚ አሏት። ፈታች፣ ገጠመች። እንደገና አሏት። አሥር ጊዜ ያህል።

«ጋሼ፣ ደከመኝ!»

«ምርመራው በየዓመቱ ነው። እኔ ካቻቢቴ ይዤ ሸኮ ድረስ ልከተልሽ ነው? ደግሞም በዚያች ቅጠል ቅል ብቻ እጠቢባት።»

ጋሽ ድንቁ የታመሙት ከዚያ በኋላ ዓመት ሊሞላ ሲል ነው፤ ብዙም አላስተኛቸውም። ማርታ ለለቅሶው መጣች። በሦስተኛው ቀን ስትሄድ፣ «ሀያት፣ ቅዳሜ ምርመራ አለ። ነይ። እሳቸው የሉም፤ ቁጥሩን የምታነቢልኝ አንቺ ነሽ» አለችኝ። እናቴ ፈቀደችልኝ።

ሜዳው ላይ ሃያ የሚሆኑ ወንዶች ተሰልፈዋል። ጠመንጃቸው ሁሉ ያብለጨልጫል፤ የአመድ ሽታው ሩቅ ይሰማል። የማርታ ብቻ ጠቆር ያለች ናት። ተራዋ ሲደርስ ከፍታ ባዶ መሆኗን ለመርማሪው አሳየች፣ ማዳበሪያ ከረጢት ሣሩ ላይ ዘረጋች፣ ተቀመጠች፣ ከቴፒ ገበያ የገዛችውን ካቻቢቴ ከመቀነቷ አወጣች።

«እትዬ ማርታ፣ ጎደሬ ልትልጪ ነው እንዴ?» አለ ከኋላዋ ያለው ሰው። ሰልፉ ሳቀ።

አልመለሰችለትም። ብሎኖቹ በእሷ እጅ እንደ ቅቤ ነው የሄዱት። ብረቱን በቀሚሷ ጠረገችና ወደ መርማሪው ዘረጋች። ላነብላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። «ሁለት፣ ሰባት፣ ዜሮ፣ አንድ፣ ስድስት» አለች፤ ሰልፉ ሁሉ እስኪሰማ። መርማሪው ጻፈ።

ቀጥሎ የሳቀባት ሰውዬ ቀረበ። የእሱም ባለ ሁለት አፍ ናት፤ እንደ መስታወት ፊት ታሳያለች። መርማሪው ጣቱን ብረቱ ላይ አሳለፈ። ቆመ። እንደገና አሳለፈ። «ቁጥሩስ?» አለው።

ሰውዬው ጠመንጃውን አገላብጦ አየ። መርማሪውን አየ። ከዚያ ብሎኗን እያጠበቀች ያለችውን ማርታን አየ።

«እትዬ ማርታ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ካቻቢቴሽን ታውሺኛለሽ?»

ማርታ የመጨረሻዋን ብሎን አጥብቃ ጨረሰች። ከረጢቱ ላይ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችለት።

«ቁጭ በል» አለችው። «መጀመሪያ ክፈታትና ባዶ መሆኗን አሳየኝ።»

ሰውዬው ቁጭ አለ።